የነገሌ አቤቱታና ዝም ያለው ቴሌቪዥን

ስለ 1966ቱ አብዮት በተጻፉ መጻሕፍት የነገሌ ቦረና ስም ሳይነሣ አይቀርም፤ ብዙዎቹ ግን በአንድ አንቀጽ ያልፏታል። ወታደሮች አመፁ፣ ጄኔራል ታገቱ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ አስመራ። እኔ ዛሬ አንባቢዬን እዚያችው አንቀጽ ላይ ጥቂት ላቆየው እወዳለሁ። የነገሌው ነገር ከአመፅነቱ በፊት የደብዳቤ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁና፤ አቤት ብሎ የሚያነብለት ያጣ ሰው ታሪክ።

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደቡቡ ቆላ የምትገኝ የጦር ሰፈር ከተማ ነበረች። (ግራዚያኒ በ1928 የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ገፍቶ ከያዛት በኋላ የከተማይቱን ስም ከመሳፍንት ማዕረጉ ጋር አዳብሎት ነበር። ስሟ ሮም ሲደርስ ጩኸቷ ግን አራት ኪሎ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጀበት።) በ1966 መጀመሪያ በዚያ የሰፈሩት ተራ ወታደሮች ምግባቸው ለሰው የማይሆን ነበር፤ የውኃ ፓምፓቸውም ተበላሸ፤ መኮንኖቹም ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ጥር 4 ቀን አለቆቻቸውን አስረው አቤቱታቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱም የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩላቸው። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ያዟቸው፤ እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ እነርሱ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። በእኔ አስተያየት ይህ አቤቱታን በግድ ማስነበብ ነው፤ በወረቀት የሰፈረውን ጄኔራሉ በሆዳቸው አነበቡት።

የአዲስ አበባ ሰው ግን ይህን ሁሉ በቴሌቪዥኑ አላየም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ1957 ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር፤ መንግሥት ግን የነገሌን ወሬ ደበቀው። ወሬው በጦሩ የመገናኛ ሬዲዮ ከሰፈር ወደ ሰፈር ተሻገረ። የካቲት 18 አስመራ ላይ ያመፁት የሁለተኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች ትምህርቱ ገብቷቸው ነበር፤ አቤቱታ ጽፈው አልጠበቁም፣ የሬዲዮ ጣቢያውን ይዘው ጥያቄያቸውን ራሳቸው አነበቡት። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቀ።

የወሎም ነገር ከዚሁ አይለይም። የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም የእንግሊዝ ተመልካች ጥቅምት 1966 ላይ አይቶ ገንዘብ አዋጣ፤ የአዲስ አበባ ተመልካች ያየው ከ11 ወራት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር ተሰባጥሮ ነው። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ልብ በሉልኝ፤ ፊልሙ የቀረበው ተመልካች ስለጠየቀ አይደለም፤ ባለ ጠመንጃ ስለፈለገው ነው። የጣቢያው ባለቤት ተለወጠ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም።

ደብዳቤ ጸሐፊ በአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ላይ በ«አንድ ጥያቄ አለኝ» ዓምዱ ለአንባቢ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ የነበረውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የሬዲዮ የዘፈን ምርጫ ደብዳቤማ ስንቱን ፖስታ ቤት ያጨናነቀ ነው! ለእናት፣ ለእኅት፣ ለውትድርና ለሄደ ወንድም ዘፈን የጠየቀ ሰው ስሙ በአየር ላይ ሲጠራ ይሰማል፤ ቧንቧው ስለ ደረቀበት የጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም። በአሜሪካ በ1979 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተቋቋመው ሲ-ስፓን በዓመቱ ተመልካችን በስልክ በቀጥታ ማስገባት ሲጀምር፣ ደዋዩ ምን ሊል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነበር። የእኛ ጣቢያ የፈራው ይህንኑ ይመስለኛል። በ1997 ምርጫ ዋዜማ ክርክሮቹ ሲተላለፉ ለጥቂት ወራት ሰው ቴሌቪዥኑን የራሱ አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ ከምርጫው በኋላ ያ በር ተመልሶ ተዘጋ።

ቆላው ደግሞ ወደ ኋላ ቀረ። ከ2013 መግቢያ አንሥቶ በቦረና አካባቢ ጋናውም ሐገያውም አምስት ወቅት በተከታታይ ሳይዘንብ አለፈ፤ ከብቱ አለቀ። ካሜራ አልመጣም አልልም፣ መጥቷል። አርብቶ አደሩ በሬሳ መካከል ቆሞ ለተሰጠው እርዳታ ሲያመሰግን አሳይቶናል። ከዚያ በፊት ምን ብሎ ለማን እንደጻፈ፣ ወይም ልጁን ምን ብሎ እንዳስጻፈ ግን አልነገረንም።

ስለዚህ ለሕዝብ ጣቢያው አንድ ቀላል ጥያቄ አለኝ። በእነዚያ አምስት ወቅቶች ከነገሌ፣ ከያቤሎ፣ ከሞያሌ፣ ከአሬሮ ስንት ደብዳቤና ስንት ስልክ ደረሰው? ከደረሰውስ ውስጥ ስንቱ በአየር ላይ ዋለ? ቁጥሩን ያውጣልን።