የመንዝ ማዕድና የጓሳ ውል

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። ስለ አዋጁ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የደቡቡ ጭሰኛ ጉዳይ ነው። በመንዝ ደጋ ግን አዋጁ ሌላም ነገር ነክቷል፤ የአገሬውን እርሻና ማዕድ ለዘመናት ደግፎ የኖረውን፣ ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር የግጦሽ ሥርዓት። የመንዝ ምግብ ታሪክ ከዚህ ሥርዓት ተነጥሎ ሊነገር አይገባውም።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች የመንገደኛውን መኪና ይከባሉ። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ጓሳን እያቋረጠ መሐል ሜዳ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ደግሞ እርሻው ገብስና ባቄላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ውርጭ ስለሚበረታ ለጤፍ አይመችም። ስለዚህ የመንዝ ባለሙያ ሴት ከገብስ የማትሠራው የለም፤ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ገንፎው፣ ቅንጬው፣ በሶው ሁሉ ከዚያው ነው። በሶ ሲበዛ በቅቤ ይታሽና ጭኮ ይሆናል፤ ደረቁ ደግሞ የመንገደኛና የዘማች ስንቅ ሆኖ ኖሯል። ጠላውም በገብስ ብቅልና በእንኩሮ ይጠነሰሳል።

በጾም ወራት ስልጆ ይቀርባል። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተበጥብጦ ይንተከተካል፤ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ይቦካል። ጾሙ ሲፈታ ተራው የበጉ ነው። የመንዝ በግ ለሥጋው ብቻ አይረባም፤ ጸጉሩ ተፈትሎ ባና ይሆናል፣ ብርዱን የሚመክተውም እሱ ነው።

ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆዎች ሲወረድ ማዕዱ ይለወጣል፤ ጤፍና ማሽላ ይመጣል። ግሼ ደግሞ እንደ መንዝ ደጋ ነው፣ በገብሱም በበጉም። በመርሐቤቴ ዓለም ከተማም ሆነ በግሼ ራቤል ገበያ የወጣ ሰው የደጋውና የቆላው እህል አንዱ ለሌላው እንደሚያስፈልግ ያያል።

ይህን ሁሉ ያቆመው በሬው ነው፤ በሬውን ያቆመው ደግሞ ሣሩ። ዝናብ ሲጠፋ፣ የደጁ ግጦሽ ሲያልቅ፣ ከብቱ ወደ ጓሳ ይወጣ ነበር። በሬው ከተረፈ ለመጪው ዝናብ የሚያርስ አለ፤ የሚያርስ ካለ ገብስ አለ። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ መከላከያው ገሳም ይሠራበታል።

ጓሳን ማን ከለለው የሚለው ግን ያከራክራል። መንዝ በሦስት ይከፈላል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። በተለመደው ትውፊት ስሞቹ የሦስቱ አቅኚ አባቶች ስሞች ናቸው። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ መነሻ የሆነው ነጋሢ ክርስቶስም ከጌራ፣ ከአጋንቻ እንደ ተነሣ ይታወቃል። በጓሳ ትረካ ውስጥ ግን አባቶቹ ሁለት ናቸው፤ አስቦና ጌራ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እነዚህ ሁለቱ ግጦሹን ከለሉ፣ ድንበራቸውንም በፈረስ ግልቢያ ለዩ ይባላል። ማማና ላሎ እዚህ የሉም፤ አስቦ ደግሞ ከሦስቱ አይቆጠርም።

ሁለቱ ትረካዎች ይጋጫሉ ብሎ አንዱን መጣል ይቻላል። ለእኔ ግን የጓሳው ትረካ የአገር አመሠራረት ታሪክ ከመሆን ይልቅ የመብት ማስረጃ ሆኖ ይታየኛል። በጓሳ የመጠቀም መብት የነበረው ከአስቦ ወይም ከጌራ ርስት የሚቆጥር ሰው ነበርና። የጽሑፍ ሰነድ ባልተለመደበት አገር የፈረሱ ግልቢያ ለልጅ ልጅ የሚነገር የድንበር ምስክር ሆኖ አገልግሏል። ሦስቱ አባቶች የአገሩን ስም ያስረዳሉ፤ ሁለቱ የሣሩን ባለቤት። ስለዚህ የግልቢያው እያንዳንዱ ዝርዝር ባይረጋገጥም ከጀርባው እውነተኛ ስምምነት እንደ ነበረ አምናለሁ።

ስምምነቱ ቄሮ ይባል ነበር። ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት አለቃ ነበረው፤ ጓሳ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ወይም ችግር ሲጠና ይከፈት ነበር። ጥበቃው ጽኑ ነበር፤ ፍትሐዊ ግን አልነበረም፤ ከሁለቱ አባቶች የማይወለድ ሰው ሣሩን በሩቁ ነበር የሚያየው። የ1967ቱ አዋጅ ይህን አጥር አነሣ። ከአጥሩ ጋር ግን የቄሮ ሥልጣን ፈረሰ፤ ጓሳም ለሁሉ ክፍት በሆነ ጊዜ ተጎዳ።

ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል፣ ጎብኚም ይመጣበታል። የአሁኑ ጥበቃ ከቄሮ መዝጋትንና መክፈትን፣ ከአዋጁ ደግሞ ለሁሉም እኩል መብት መስጠትን ሊወርስ ይገባል። ርስት ያልደረሳቸው የትናንት ሰዎች ልጆችና መሬት ያላገኙ የዛሬ ወጣቶች ከጓሳ ካልተጠቀሙ ሊጠብቁት አይችሉም። በሶና ቆሎ ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆች ታሽገው ይሸጣሉ፤ ገዢውም አምራቹም የገብሱ ዕድሜ በጓሳ ሣር እንደሚለካ ቢያውቁ መልካም ነው።