የካቺና አሻንጉሊት፦ ከሆፒ አምባዎች እስከ ሰብሳቢዎች መደርደሪያ

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ሰሜን ምሥራቅ፣ በሦስት አምባዎች ላይና ግርጌ የሰፈሩት ሆፒዎች፣ ካቺና የሚባሉ መንፈሳዊ ፍጡራን ከብርዱ ወራት እስከ ሐምሌ በመካከላቸው ሰንብተው፣ የዝናብ ልመናቸውን ይዘው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተራሮች እንደሚመለሱ ያምናሉ። ፍጡራኑን ወክለው የሚጨፍሩት ሰዎች በየካቲትና በሐምሌ በሚፈጸሙት ሥርዓቶች ለሴት ልጆች «ቲሁ» የተባለ ምስል የሚሰጡ ሲሆን፣ ይህም ኮተንውድ ከሚባል የወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ተቀርጾ ቀለም የተቀባ፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልና ልጆቹ ካቺናዎቹን ለይተው እንዲያውቁ የሚረዳ እንጂ ለሽያጭ የታሰበ ዕቃ አልነበረም።

ምስሉ ወደ ገበያ የወጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ ነጋዴው ቶማስ ኪም በአካባቢው በከፈተው የንግድ ጣቢያ አማካይነት፣ በ1893 እ.ኤ.አ. ኦራይቢ መንደር የገባው ሚስዮናዊ ሃይንሪሽ ቮትም ለቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በማቅረብ የሆፒ ዕቃዎችን ከአምባዎቹ ርቀው እንዲታወቁ አድርገዋል። በ1880ዎቹ ሰሜን አሪዞናን ያቋረጠው የባቡር ሐዲድ ጎብኚዎችን ሲያመጣ የገዢው ፍላጎት የቀራጩን እጅ መምራት ጀመረ፤ እጆቹን ከሆዱ ላይ አጣብቆ ቀጥ ብሎ የሚታየው ጥንታዊ ምስል በጊዜ ሂደት በመቆሚያ ላይ ተተክሎ የጭፈራ እንቅስቃሴ ለሚያሳይ ቅርጽ ቦታውን ለቀቀ። የሰብሳቢነት ልማዱ ምን ያህል እንደተስፋፋ፣ ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር በ1964 እ.ኤ.አ. ለፊኒክስ ከተማው ኸርድ ሙዚየም ያበረከታቸው 437 አሻንጉሊቶች ይመሰክራሉ።

ምድራቸው የሆፒን ይዞታ ከየአቅጣጫው የሚከብበው ናቫሆዎች «ዬይ» የሚሏቸው የራሳቸው ቅዱሳን ፍጡራን ያሏቸው ሲሆን፣ የካቺና ሥርዓት ግን የሃይማኖታቸው አካል አይደለም። ሆኖም በ20ኛው መቶ ዘመን የመጨረሻ አሥርት ዓመታት አንዳንድ የናቫሆ ባለሙያዎች ለጎብኚዎች ገበያ በካቺና አምሳል የተሠሩ አሻንጉሊቶችን በብዛት ያቀርቡ ጀመር፤ ሥራዎቹ ብዙ ጊዜ በቆዳ፣ በጸጉር፣ በዶቃና በላባ የተሸለሙ፣ ከሆፒ ቅርጾችም በዋጋ የሚረክሱ ናቸው። ለሠሪዎቹ የእንጀራ ምንጭ ሲሆኑ፣ ብዙ ሆፒዎች ግን የሃይማኖታቸውን ምስል ሥርዓቱን የማይፈጽም ሕዝብ መሸጡን ተቃውመዋል።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው የነባር ሕዝቦች ጥበብና እደ ጥበብ ሕግ፣ አንድን ዕቃ ከአንድ የነባር ሕዝቦች ነገድ የተገኘ አስመስሎ በሐሰት መሸጥን በወንጀል የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ ግለሰብን ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 250,000 ዶላር በሚደርስ መቀጮ፣ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። ሕጉ ናቫሆው እንዳይቀርጽ አይከለክልም፤ የሚከለክለው የናቫሆውን ሥራ የሆፒ ነው ብሎ ማቅረብን ነው። የናቫሆ አሻንጉሊት የሆፒን ሥርዓት ሳይሆን የጎብኚዎችን ገበያ ታሪክ የሚያስረዳ ቅርስ በመሆኑ፣ ሰብሳቢ ሁሉ የሠሪውን ስም፣ ነገዱንና የተጠቀመበትን እንጨት ጠይቆ ከዕቃው ጋር መዝግቦ ማኖር ይገባዋል።