የእኛው ዊጋን

መሳለሚያ ዲኤስቲቪ ቤት ያደገ ሰው ዊጋንን አይረሳም። ግንቦት 3 ቀን 2005 ዓ.ም. ማንችስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫን አነሳ፤ ከሦስት ቀን በኋላ በአርሰናል 4 ለ 1 ተሸንፎ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ።

የእኛውን ዊጋንስ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የአዲስ አበባው መከላከያ የ2010ን የኢትዮጵያ ዋንጫ ወስዶ በኮንፌዴሬሽን ካፕ አገሩን ወከለ፤ በናይጄሪያው ሬንጀርስ ተሰናበተ። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ከሊጉ ወረደ።

ተአምር አይደለም። ዋንጫ በጥቂት ጨዋታ ያልቃል፤ ሊጉ ግን ያኔ 30 ሳምንት ነበር፣ አንድ መልካም ቀን አያድንም። ክለቡ በኋላ ተመልሶ አደገ፤ የጥንት ስሙን «መቻል»ንም መልሶ ያዘ።

የዊጋኑን ጎል አግቢ ቤን ዋትሰንን በስሙ እንጠራለን። ዋንጫ ያነሱትን የአገራችንን ልጆች ግን አንዱንም አናውቅም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።