ታራንቱላን በቤት ማሳደግ ምን ይጠይቃል?

በኬንያና በታንዛኒያ የሣር ሜዳዎች፣ ራሷ በቆፈረችው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር አንዲት ግዙፍ ሸረሪት አለች። እግሮቿ ሲዘረጉ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ስትቆጣ የፊት እግሮቿን አንስታ የማፏጨት ያህል ድምፅ ታሰማለች። ሳይንሳዊ ስሟ ፔሊኖቢየስ ሙቲከስ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች "ንጉሥ የዝንጀሮ ሸረሪት" ይሏታል። ዛሬ ይህች ፍጡር ከትውልድ ቀዬዋ ርቃ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መኖሪያ ቤቶች በመስታወት ሣጥን ውስጥም ትገኛለች።

ታራንቱላዎች ከ1 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ማሳደግ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሸረሪቷ ከየትኛው የዓለም ክፍል እንደመጣች ነው።

ብዙዎቹ የአሜሪካ አህጉራት ዝርያዎች ሲሰጉ ከሆዳቸው ላይ እንደ ሳማ የሚለበልብ ደቃቅ ፀጉር ይበትናሉ። እአአ በ2009 እንግሊዝ ሊድስ ከተማ አንድ አሳዳጊ ሣጥኑን ሲያፀዳ ፀጉሩ ዓይኑ ውስጥ ተሰክቶበት ለሕክምና ተዳርጓል። የአፍሪካና የእስያ ዝርያዎች ይህ ፀጉር የላቸውም፤ ይልቁንም ፈጣኖች ናቸው፤ ለመንከስም አያመነቱም። ንክሻቸው ሰው ገደለ የሚል የተረጋገጠ ማስረጃ ባይኖርም፣ ብርቱ ሕመምና የጡንቻ መኮማተር ያስከትላል። ስለዚህ ጀማሪ ከቺሊ ወይም ከሜክሲኮ በመጡ ረጋ ያሉ ዝርያዎች ቢጀምር ይሻለዋል።

መኖሪያዋ ሰፊና ረጅም መሆን የለበትም። መሬት ላይ ለሚኖሩ ዝርያዎች ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው፤ ስስ የሆነው ሆዳቸው ከጥቂት ከፍታ ወድቆ እንኳ ሊፈነዳ ይችላል። ስለሆነም ሣጥኑ በአፈር ወይም በኮኮናት ቃጫ በደንብ ተሞልቶ እስከ ክዳኑ የሚቀረው ክፍተት ጠባብ ቢሆን ይመረጣል። መደበቂያ፣ ጥልቀት የሌለው የውኃ ሳህንና አየር ማስገቢያ ያስፈልጋሉ። አምፖል ግን አያስፈልግም፤ ለሰው የሚመች የክፍል ሙቀት ለአብዛኞቹ በቂ ነው፣ የአምፖል ሙቀት ደግሞ ያደርቃቸዋል። በእጅ ማንሳትም ለሸረሪቷ አንዳች ጥቅም የለውም።

ለአዋቂ ታራንቱላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ፌንጣ ወይም በረሮ መስጠት ይበቃል። ከቤት ጓዳ የተያዘ በረሮ ግን የነፍሳት ማጥፊያ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል አይሰጥም። ሸረሪቷ ለወራት መብላት ብታቆም ሆዷ እስካልኮማተረ ድረስ ሥጋት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳዋን ልትቀይር እየተዘጋጀች ነው።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በዚህ ወቅት ነው። ታራንቱላ ቆዳዋን ስትገፍ በጀርባዋ ተንጋልላ ለሰዓታት ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች። የሞተች መስሏቸው የሚያገላብጧት፣ ከነአካቴው የሚጥሏትም አሉ። የምትሞት ታራንቱላ ግን ብዙውን ጊዜ በሆዷ እንደተኛች እግሮቿን ወደ ውስጥ ታጥፋለች እንጂ አትንጋለልም። በተንጋለለች ጊዜ መንካት አዲሱን ገላዋን ሊጎዳው ይችላል። በሣጥኑ የቀረ ፌንጣም ለስላሳ ገላዋን ሊበላ ስለሚችል አስቀድሞ መውጣት አለበት። ቆዳዋን ከቀየረች በኋላም የመርዝ ጥርሶቿ እስኪጠነክሩ ድረስ፣ በትልልቆቹ ዘንድ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ምግብ አይሰጣትም።

ሴቶቹ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ወንዶቹ ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ብዙ አይቆዩም። ታራንቱላ መግዛት እንግዲህ ልጅ ተወልዶ ለአካለ መጠን እስኪደርስ የሚዘልቅ ኃላፊነት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጥያቄ ሸረሪቷ ከየት ተገኘች የሚለው ነው። የሜክሲኮዎቹ ባለ ቀይ ጉልበት ታራንቱላዎች ለቤት እንስሳነት በብዛት በመለቀማቸው፣ የዱር እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተሰኘው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ሥር ገብተዋል። በምሥራቅ አፍሪካም ትንንሽ ፍጡራን የኮንትሮባንድ ዒላማ ሆነዋል፤ እአአ በ2025 ኬንያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉንዳኖችን ይዘው የተገኙ ሁለት ቤልጂየማውያን ወጣቶች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም አንድ ዓመት እንዲታሰሩ ተፈርዶባቸዋል።

ገዢ ሻጩን ሸረሪቷ በእርባታ የተፈለፈለች ስለመሆኗ ሊጠይቀው ይገባል። እንደ ንጉሥ የዝንጀሮ ሸረሪት ያሉት እድገታቸው እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ከጉድጓዷ ተቆፍራ የተወሰደች አንዲት አዋቂ ሴት የምትተካው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።