የትኛውን ሐረግ እንቍጠር?

የአባቶቹን ስም ለልጆቹ ሊያቆይ የሚወድ ሰው ወረቀትና ቀለም አዘጋጅቶ በተቀመጠ ጊዜ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ፦ በየትኛው ሐረግ ልውጣ? የሚል ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉትና፤ የዘመድ ጋብቻ ካልገባበት በቀር ቍጥሩ በሰባተኛው ትውልድ 128፣ በዐሥረኛው 1024 ይደርሳል። ሁሉን እቈጥራለሁ የሚል አንዱንም ሳይጨርስ ይደክማል፤ ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ነገር ግን የሚመርጥ ሰው የመረጠበትን ምክንያት ሊያውቅ ይገባዋል፤ ያልተመረጠውን ሐረግ ዝምታ ይውጠዋልና።

ለዚህ ነገር የሚቀድመው ምስክር ወንጌል ነው። ማቴዎስ ከአብርሃም ጀምሮ እየወረደ በሰሎሞን በኩል ወደ ዮሴፍ ይደርሳል፤ ሉቃስ ግን ከዮሴፍ ጀምሮ እየወጣ በናታን በኩል ወደ ዳዊት፣ ከዚያም እስከ አዳም ይሄዳል። የዮሴፍ አባት በማቴዎስ ያዕቆብ፣ በሉቃስ ዔሊ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው አፍሪቃኖስ፣ አውሳብዮስ በታሪኩ እንዳቆየልን፣ ያዕቆብና ዔሊ የአንዲት እናት ልጆች ነበሩ፤ ዔሊ ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ያዕቆብ እንደ ኦሪት ሕግ ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ ብሎ ያስረዳል። እንዲህ ከሆነ አንዱ የሥጋን ልደት፣ ሁለተኛው የሕግን ልደት ቈጠረ፤ ሐረጉ የተለየው ጥያቄው ስለ ተለየ ነው።

በአገራችንም ቍጠራ ከርስት ጋራ የተሳሰረ ነበር። በጎጃምና በበጌምድር ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ርስት ይጠይቅ ነበርና፣ ባለጉዳይ በዳኛ ፊት ቆሞ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ይቈጥር ነበር። ርስት ያለበትን ሐረግ በቃሉ ያጠናል፤ ርስት የሌለበትን ይተዋል። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀረ። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የተረፈ ረዥም ሐረግ ሲነገረን፣ ይህ ትውልድ የተቈጠረው ለምን ነበር? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

በዙፋንም ዘንድ ነገሩ ያው ነበር። በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ትውልድ ይቈጥራቸዋል። ነገር ግን ከራስ መኰንን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚያወጣው መንገድ በአባታቸው በደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ሳይሆን በእናታቸው በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ሣህለ ሥላሴ ነው። ልጅ ኢያሱም የዳግማዊ ምኒልክ ወራሽ የሆኑት በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ በኩል ነው። ክብረ ነገሥትም እንደሚተርክ የሰሎሞን ዘር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በንግሥት ማክዳ ነው። እንግዲህ የሴት ሐረግ ዘውድ ወይም ርስት ያለበት እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ ይህ የሌለበት እንደ ሆነ ግን ይረሳል።

ከስማችን ቀጥሎ የምንጠራው የአባታችንን ስም ነውና፣ የአባት ሐረግ ሦስት አራት ትውልድ ያለ ብዙ ድካም ይገኛል። የእናት እናት ስም ግን ከአንዲት አሮጊት ጋራ ይቀበራል። አንባቢ ሆይ፣ ምክራችን ይህ ነው፤ ፈጥኖ የሚጠፋውን አስቀድመህ ጻፍ። በሕይወት ያለች አያት ብትኖርህ ከርስዋ ጀምር፤ የርስዋን እናትና አያት ስም ከነአገራቸው ጠይቅ። የአባትህ ሐረግ እስከ ነገ ሊቈይህ ይችላል።

ከዚህ በኋላ የተጻፈ ምስክር ያለበትን ሐረግ ተከተል። የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ስም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ነገር ግን ሰው አንድ ጊዜ በዓለም ስሙ፣ ሌላ ጊዜ በክርስትና ስሙ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ አንዱን ሰው ሁለት እንዳታደርገው ተጠንቀቅ። ያልታወቀውንም ስም በግምት አትሙላው፤ ስፍራውን ባዶ ተወው።

ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቈጥሩ በአባትም በእናትም ይቈጥራሉ፤ በዚያ ስፍራ ጥያቄው ስለ ሀብት ሳይሆን ስለ ሥጋ ነውና አንዱን ወገን ማስቀረት አይቻላቸውም። እኛም አንዱን ሐረግ መርጠን ስንጽፍ፣ የተውነው ሐረግ እንዳለ በመዝገባችን ራስጌ እናመልክት፤ ከእኛ በኋላ የሚነሣ ልጅ ያንን ይፈልግ ዘንድ።