ንግድ ያልሆነለት ልጅ

የጃፓን ጥንታዊ መጻሕፍት ሊቅ ሞቶኦሪ ኖሪናጋ በተነሣ ቁጥር የሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1763 ከመምህር ካሞ ኖ ማቡቺ ጋር የተገናኘበት ምሽት ነው። እኔ ግን ምስጋናውን የምሰጠው ለእናቱ ለወይዘሮ ካትሱ ነው።

ኖሪናጋ በ1730 ኢሴ አውራጃ ውስጥ፣ የነጋዴ ከተማ በሆነችው ማትሱሳካ፣ ከጥጥ ነጋዴ ቤት ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞቱበት። ለአንድ ወረቀት ነጋዴ በጉዲፈቻ ቢሰጥም ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ ልቡ መጽሐፍ ላይ እንጂ ገበያ ላይ አልነበረም። ሌላ እናት ብትሆን ኖሮ በግድ ሱቅ ትጎልተው ነበር። ካትሱ ግን ልጃቸውን ያውቁታል፤ በ1752 ሕክምና እንዲማር ኪዮቶ ሰደዱት። እዚያ ከሊቁ ሆሪ ኬይዛን ዘንድ የቻይናን ትምህርት ተማረ፤ ሕክምናውንም ያዘ። ግጥሙም፣ ቴአትሩም፣ መጠጡም አልቀረበት። እናቱ መጠጥ እንዳያበዛ በደብዳቤ ይመክሩት ነበር።

በ1757 አገሩ ገብቶ የሕፃናት ሐኪም ሆነ። ቀን በሽተኛ ያያል፣ መድኃኒት ይቀምማል፤ ማታ ለከተማው ሰው ጥንታዊውን ልብ ወለድ «የገንጂን ታሪክ» ያስተምራል። አዛውንቱ ማቡቺ በማትሱሳካ ሲያልፉ ያደሩበት ቤት ድረስ ሄዶ አገኛቸው። የጃፓንን ጥንታዊ ዜና መዋዕል «ኮጂኪ»ን ለመፍታት እንደሚፈልግ ሲነግራቸው፣ አስቀድሞ የ«ማንዮሹ»ን ጥንታዊ ግጥሞች እንዲያጠና መከሩት። ከዚያ ወዲያ በአካል አልተያዩም፤ መምህሩ በ1769 እስኪሞቱ ጥያቄና መልሱ በደብዳቤ ነበር።

በ712 የተጠናቀረው «ኮጂኪ» የተጻፈው በቻይና ፊደል ስለሆነ ጃፓኖቹ ራሳቸው ማንበብ ተስኗቸው ነበር። ኖሪናጋ ቃል በቃል ሲፈታው ከ30 ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1782 ከቤቱ ፎቅ ላይ አራት ተኩል ምንጣፍ የምትይዝ ጠባብ ክፍል አበጀ። 36 ትንንሽ ቃጭሎች በገመድ አሥሮ ሰቀለባት፤ ሥራው ሲያሰለቸው ገመዱን እየሳበ ድምፃቸውን ይሰማል። ክፍሏም ሱዙኖያ፣ የቃጭል ቤት፣ ተባለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤተሰቡን የሚያበላው ሕክምናው ነበር።

44 ጥራዝ የሆነው ማብራሪያ በ1798 ተፈጸመ። ኖሪናጋ ስለ ቤተሰቡ በጻፈው ማስታወሻ፣ ሐኪም እንዲሆን የወሰኑለት እናቱ መሆናቸውን በምስጋና አስፍሯል። ካትሱ ያረፉት በ1768 ነው፤ የማብራሪያው የመጀመሪያ ጥራዞች ለኅትመት የበቁት በ1790።