ሽያጩ ነው ወይስ ዕጣው?

ወዳጆቼ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ «እንደ ካፒታልስ ሁሉንም ሸጠን ከዜሮ እንጀምር» የሚል የበረዶ ሆኪ ደጋፊ በዝቷል። እኔም የዋሽንግተን ካፒታልስ ደጋፊ ነኝና ታሪኩን ላስታውሳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ወራት ያግር፣ ቦንድራ፣ ላንግና ጎንቻር ተራ በተራ ተሸኙ። ላንግ እኮ የሄደው በነጥብ ሊጉን እየመራ ነው! ያኔ ቡድኑን በረገመ ሰው አልፈርድም።

ዲትሮይት ለላንግ ከሰጠው ውስጥ የምልመላ ተራ ነበረበት፤ በሱ፣ በ29ኛነት፣ ተከላካዩ ማይክ ግሪን ተገኘ። ይሄ ሥራ ነው። ኦቬችኪን ግን ዕጣ ነው። ካፒታልስ ከመጨረሻ ሦስተኛ ሆኖ ሳለ ዕጣው ወጣለትና አንደኛ መረጠ። የሁሉም መጨረሻ የነበረው ፒትስበርግ ሁለተኛ ሆነ፤ ማልኪንን ስላገኘ እሱም አልተጎዳም።

ዕጣውም ወጥቶ ዋንጫው 14 ዓመት ፈጀ፤ በ2018 መጣ። ግሪን ያኔ የለም፤ በ2015 ለዲትሮይት ፈርሞ ሄዷል።